ቃላት ሲናበቡ

በወረቀት ላይ ቃልና ቃል ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ በአንደበት ላይ ግን ተቃቅፈው ይወጣሉ። ይህችን ትንሽ እውነት ችላ ማለታችን ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ጋር ያለንን የብዙ ዘመን ትውውቅ የዓይን ትውውቅ ብቻ አድርጎ አስቀርቶታል ብዬ አምናለሁ። ሼክስፒርን ከነማብራሪያው አንብቦ የጨረሰ፣ ዲክንስን የወደደ፣ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈ ሰው፣ አንድ የለንደን የአውቶቡስ ሾፌር የሚናገራትን አጭር ዐረፍተ ነገር መያዝ ሲያቅተው አይቻለሁ። ቃላቱን ስለማያውቃቸው አይደለም። እያንዳንዱን ለብቻው ጽፈን ብናሳየው ወዲያው ይፈታዋል። ተያይዘው ሲመጡ ግን ይጠፉበታል፤ ሰውን በጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ አውቆ፣ በሠርግ ጭፈራ መካከል ሲያገኘው እንደማይለየው ሰው ይሆናል።

የሥነ ልሳን ሰዎች ይህን የቃላት መተቃቀፍ “የተያያዘ ንግግር” ይሉታል። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ለዚህ የሚቀርብ የቆየ ቃል አላቸው፤ “ማናበብ” የሚል። በግዕዝ ሰዋስው ሁለት ስሞች ተጠጋግተው አንድ ነገር ሲሆኑ የፊተኛው ስም መጨረሻው ይለወጥና ከኋለኛው ጋር ይነበባል። “ቤት” እና “ክርስቲያን” የነበሩት “ቤተ ክርስቲያን” ይሆናሉ፤ “ቤት” እና “መንግሥት” የነበሩት “ቤተ መንግሥት” ይሆናሉ። እንዲህ ያሉት ቃላት “ተናባቢ” ይባላሉ። ስያሜው እጅግ ደስ ይለኛል፤ ቃላቱ እርስ በርሳቸው የሚነባበቡ፣ አንዱ ሌላውን የሚያነብ ያስመስላቸዋልና። በግዕዝ የሰዋስው ሕግ የሆነው ይህ ነገር በእንግሊዝኛ የአፍ ሕግ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሳያስበው ቃላቱን ሁሉ ያናብባል።

በመሠረቱ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ የጸሐፊ ፈጠራ ነው። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ሁለት ነጥብ በየቃሉ መካከል እንደ ዘበኛ ይቆም ነበር፤ በዘመናችን ዘበኛው ተነሥቶ ባዶው ቦታ ቀርቷል። የጥንት ግሪኮች ግን ቃላትን ያለ አንዳች ክፍተት አከታትለው ይጽፉ ነበር፤ ሮማውያንም ለብዙ መቶ ዓመታት የእነርሱን ፈለግ ተከትለዋል። የላቲን አንባቢ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ጮክ ብሎ በማንበብ፣ በጆሮው ነበር። በላቲን ጽሑፍ ውስጥ ክፍተትን ያስለመዱት ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአየርላንድ መነኮሳት እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፊው ፖል ሴንገር በሰፊው አትቷል። እነዚያ መነኮሳት ላቲን የእናታቸው ቋንቋ አልነበረምና፣ ባዕዱን ልሳን ለዓይናቸው ከፋፍለው አቀለሉት። ባዶው ቦታ እንግዲህ የተማሪ ምርኩዝ ሆኖ ወደ ዓለም ገባ ማለት ነው። ምርኩዝ መልካም ነገር ነው። እግር ከጸና በኋላም ካልተጣለ ግን አካሄድን ያበላሻል።

እስኪ እንግሊዝኛው እንዴት እንደሚያናብብ በጥቂቱ እንመልከት። የመጀመሪያውና ዋነኛው ሕግ ቀላል ነው፤ ቃሉ በተነባቢ ድምፅ ካለቀና ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ፣ ተነባቢው የቀደመ ቤቱን ትቶ ወደ ጎረቤቱ ይገባል። በትምህርት ቤት “ፒክ” “ኢት” “አፕ” ብለን በሦስት ምት የምናነበው በአፋቸው “ፒ-ኪ-ታፕ” ነው። “ተርን” “ኢት” “ኦፍ” ደግሞ “ተር-ኒ-ቶፍ” ይሆናል። “ኪታፕ” ወይም “ኒቶፍ” የሚል ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። ጆሮው በመዝገበ ቃላት የተገራ ተማሪ ግን እነዚህን የሌሉ ቃላት ሲሰማ ፍለጋ ይገባል፤ እርሱ ሲፈልግ ተናጋሪው ሁለት ዐረፍተ ነገር ቀድሞት ይሄዳል።

ሁለት አናባቢዎች ሲጋጠሙ ደግሞ በመካከላቸው ድልድይ ይዘረጋል። “አይ አም” የሚለው “አያም” ይሆናል፤ “ጎ አውት” የሚለው “ጎዋውት” ይሆናል። አንዱ ድልድይ “ይ” ነው፣ ሌላው “ው”። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር ነውን? በሬ ሲበዛ “በሬዎች” የምንለው፣ ዶሮዋን የምትጠራ ሴት “ዶሮዬ” የምትለው፣ በእነዚያው ሁለት ድልድዮች ተሻግረን አይደለምን? እንግሊዛውያን ከዚህም አልፈው ሦስተኛ ድልድይ አላቸው። ብዙዎቹ በቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን “ር” አይጠሯትም፤ “ፋር” የሚለውን “ፋ” ብለው ያልፉታል። “ፋር አዌይ” ሲሉ ግን አናባቢ ተከትሏልና “ር” ከተደበቀችበት ብቅ ትላለች። ልማዱ እየጠነከረ ሄዶ በጽሑፍ ጨርሶ በሌለችበት ቦታ ሁሉ ትሰማለች፤ “ሎው ኤንድ ኦርደር” የሚለው በብዙ እንግሊዛዊ አፍ “ሎረንዶደር” ወደሚል ድምፅ ይጠጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ያችን “ር” በወረቀት ላይ ቢፈልጋት አያገኛትም።

ድምፆች ሲጎራበቱ አንዱ የሌላውን ጠባይ መውረሱም አለ። “ቴን ቦይዝ” በፍጥነት ሲነገር “ቴምቦይዝ” ይሆናል፤ “ን” ከ“ብ” ጋር ሲኖር ከንፈሩን ገጥሞ “ም” ሆነ። ይህንንም ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። “አንበሳ” ብለን እንጽፋለን፣ “አምበሳ” እንላለን። “ወንበር” ብለን እንጽፋለን፣ “ወምበር” ላይ እንቀመጣለን። “ዝንብ” ብለን እንጽፋለን፣ እሽ የምንላት ግን “ዝምብ”ን ነው። አንድም ኢትዮጵያዊ ሕፃን ይህን ከመምህር አልተማረም። የአፉ ተፈጥሮ አስተማረው።

ተነባቢዎች በአንድ ቦታ ሲከማቹ ደግሞ የሁለቱ ቋንቋዎች መንገድ ይለያያል። “ኔክስት ዴይ” በሚለው ሐረግ መካከል አራት ተነባቢዎች ተደርድረዋል። የእኛ አፍ መሰናክሉን የሚሻገረው በሳድስ ድምፅ ነው፤ ጣልቃ አስገብቶ ያላላዋል። ስፖርትን “እስፖርት” ያሰኘን ይኸው ነው። ፊደላችንም ይረዳናል፤ ሳድሱ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፣ የትኛው እንደሆነ ወረቀቱ አይነግረንም። እንግሊዛዊው ግን መጨመርን ሳይሆን መቀነስን ይመርጣል። መካከል ያለችውን “ት” ያስቀርና “ኔክስዴይ” ብሎ ያልፋል። እኛ በእርሱ ሐረግ ላይ ምት ስንጨምር፣ እርሱ ሲቀንስ፣ ከአንድ ቃል ተነሥተን ወደ ሁለት ተቃራኒ ዳርቻ እንደርሳለን።

በአንድ ነገር ግን እኛ የተባረክን ነን። ያው ተነባቢ በቃል መጨረሻና በቀጣዩ መጀመሪያ ሲገናኝ፣ እንግሊዝኛ ሁለቴ አይጠራውም፤ አንዴ ይዞ ያጠብቀዋል። “ብላክ ካት” ሲል “ክ”ን ሁለት ጊዜ አይፈነዳውም። ብዙ የዓለም ሕዝብ ይህን ለመልመድ ይደክማል። “አለ” ላልቶ ተናገረ፣ “አለ” ጠብቆ ኖረ በሚሆንበት ቋንቋ ያደገ ሰው ግን ማጥበቅ የዕለት እንጀራው ነው። በየክፍሉ ያለ መምህር ይህን አንዲት ነገር ለተማሪው ቢነግረው ምንኛ በቀለለው!

ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው የጥቃቅኖቹ ቃላት ነገር ነው። “ቱ”፣ “ኦፍ”፣ “ኤንድ”፣ “ፎር”፣ “ካን” የሚባሉት አገልጋይ ቃላት በንግግር ውስጥ ሙሉ ድምፃቸውን ያጣሉ። አናባቢያቸው ይሟሽሽና ከእኛ ግዕዝና ሳድስ ድምፆች መካከል በሚገኝ አጭር፣ ደብዛዛ ድምፅ ይተካል። ይህ ድምፅ ለጣሊያን ወይም ለስፓኝ ተማሪ ባዳ ነው፤ ለእኛ ግን የቅርብ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ እነዚያን ቃላት ገና ስንማር “ቱ” ብለን በሙሉ ካዕብ፣ “ኦፍ” ብለን በሙሉ ሳብዕ ስለያዝናቸው፣ በየቦታው እንደ ባላባት እናስቀምጣቸዋለን። ሎሌው ከጌታው እኩል ድምፁን ሲያሰማ ደግሞ ጌታው ማን እንደሆነ ይጠፋል። ኬኔት ፓይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ሊቅ በ1945 እ.ኤ.አ. ቋንቋዎችን በምታቸው ሲከፍል፣ እንግሊዝኛን ከጫና ወደ ጫና እየዘለለ የሚሄድ ቋንቋ ብሎታል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች ሲለኩት በጫናዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ያን ያህል እኩል ሆኖ አላገኙትም። ቢሆንም የጆሮው ስሜት እውነት ነው፤ ዋናዎቹ ቃላት ጎልተው ይቆማሉ፣ አገልጋዮቹ በጥላቸው ሥር ይሮጣሉ።

እንግዲህ አንባቢዬ “ይህ የእንግሊዞች ጣጣ ነው” እንዳይለኝ፣ ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። “ባለ አገር” የነበረው “ባላገር” ሆኗል፤ “ባለ አባት” የነበረው “ባላባት”። “ጤና አዳም” የተባለችው ቅጠል በገበያ “ጤናዳም” ናት። “ምን አልባት” ማለት ትተን “ምናልባት” ካልን ዘመን የለውም። ዋና ከተማችንን በመታወቂያችን ላይ “አዲስ አበባ” ብንላትም፣ በአፋችን “አዲሳባ” ናት። “የእኔ” ብለን ጽፈን “የኔ” እንላለን፤ “ከአንተ” ብለን ጽፈን “ካንተ” እንላለን። ተረትና ምሳሌዎቻችን ደግሞ ተናብበው እንጂ ተለያይተው አያውቁም። “ካፍ ከወጣ አፋፍ” የሚለውን “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” ብሎ ለተናገረ፣ ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ ምሳሌው ይሞትበታል።

ገጣሚዎቻችን ይህን ኃይል ጠንቅቀው ያውቁታል። ግጥም በምት ይቆጠራልና፣ ማናበብና አለማናበብ የቤቱን ስፋት ይወስናል። ለምሳሌ ያህል እዚሁ የገጠምኳትን አንዲት ተራ መስመር ውሰዱ፤ “ያገሬ ልጅ መጣ ካገሩ ተነስቶ”። ስድስት ምት በዚህ፣ ስድስት ምት በዚያ፤ ደንበኛ የወል ቤት ናት። አሁን ጥንቁቁ ጸሐፊ መጥቶ “የአገሬ ልጅ መጣ ከአገሩ ተነስቶ” ብሎ ያርማት። ሰባት በሰባት ሆነች፤ ዜማዋ ተናጋ፤ አዝማሪ መሰንቆውን ያስቀምጣል። በቃላቱ ትርጉም ላይ ግን ቅንጣት አልተጨመረም። ቋንቋ ከትርጉሙ ሌላ እስትንፋስ እንዳለው ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሰምና ወርቁም ቢሆን በዚሁ በር ይገባል። “ካባ ወሰደ” ስንል ሰውየው ልብሱን ካባ ወሰደን? ወይስ “ከአባ” ወሰደ? “ባልጋ አደረች” ስንል በአልጋ ላይ ነውን? ወይስ “ባል ጋ”? ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል፤ ባዶው ቦታ በአፍ ውስጥ የለምና። ባለ ቅኔው የሚቆምባት ጠባብ ደረጃ ይህች ናት። ቃላት ሁልጊዜ ተለያይተው የሚነገሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ከምንኮራበት የኅብር ሀብት ብዙው ባልኖረም ነበር።

እንግሊዝኛም በዚሁ ደረጃ ላይ ቆሞ መዝገበ ቃላቱን እስከ መለወጥ ደርሷል። ሽርጥ ለማለት ዛሬ “ኤፕረን” የሚባለው ቃል ጥንት “ናፕረን” ነበር። “ኤ ናፕረን” እየተባለ ሲናበብ ጆሮ “ን”ን ወደ ፊተኛው ቃል ሰጣትና “አን ኤፕረን” ሆነ። እፉኝት ለማለት “አደር” የሚባለውም እንዲሁ “ን”ውን ተዘርፏል። የቅጽል ስም መጠሪያው “ኒክኔም” ደግሞ በተቃራኒው ዘርፏል፤ መጀመሪያ “ተጨማሪ ስም” የሚል ፍቺ ያለው “ኤክኔም” ነበርና “አን ኤክኔም” ሲባል “ን” ወደ እርሱ ተሻገረች። እነዚህን ቃላት የለወጣቸው አካዳሚ ወይም ንጉሥ አይደለም። ማንበብ የማይችል ገበሬና ልብስ አጣቢ ሴት በአፋቸው ለወጧቸው፤ መዝገበ ቃላቱም እጅ ነሥቶ ተቀበላቸው።

ስለ ስንብት ቃል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዞች ሲለያዩ የሚሉት “ጉድባይ” ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ “እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን” የሚል። በብዙ መቶ ዓመታት መናበብ ተጨምቆ፣ ተጣብቆ አንድ ቃል ሆነ። እኛ “እግዜር ይስጥልኝ” ስንል “እግዜር” ያልነው “እግዚአብሔር”ን ነው። እግዚአብሔርም ራሱ ከ“እግዚእ” እና ከ“ብሔር” የተናበበ ነው፤ የዓለም ጌታ ማለት። ከልብ የሚወጣ ቃል እየተደጋገመ ሲነገር ያጥራል። ማጠሩ ንቀት አይደለም፤ የወዳጅን ስም አቆላምጦ እንደ መጥራት ያለ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ሀብት በአፋችን ይዘን ሳለ፣ እንግሊዝኛን ለምን እንደ ጥሬ ቆርጥመን እንናገረዋለን? መልሱ ከጥቁር ሰሌዳው ዘንድ ያለ ይመስለኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎታል። ቋንቋው ለአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የሥነ ሕይወቱም በር ነው። በሩ የሚከፈተው ግን በጽሑፍ ነው። መምህሩ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ፈተናውም ክብ ማጥቆር ነው። ከዚያ በ1997 ዓ.ም. ግድም ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በየክፍሉ ገባ። በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ነበርና፣ በስክሪኑ ላይ ያሉት መምህራን በተፈጥሯዊ ፍጥነታቸው እያናበቡ ይናገሩ ነበር። ያ ትውልድ ያማረረውን ሁሉ እናስታውሳለን፤ “ይፈጥናሉ” ነበር ቅሬታው። በበኩሌ ችግሩ በፍጥነቱ ብቻ የነበረ አይመስለኝም። ተማሪው ለብቻ ለብቻ የሚያውቃቸው ቃላት በድንገት ተያይዘው መጡበት፤ እንዴት እንደሚያያዙ የነገረው ማንም አልነበረም።

በሌላ በኩል በሬዲዮ የተማሩ ነበሩ። የአሜሪካ ድምፅ ከ1959 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ያሰራጨው ልዩ እንግሊዝኛ፣ በ1,500 ያህል ቃላት ተወስኖ፣ በዝግታ ይነበብ ነበር። በዓለም ዙሪያ ለብዙዎች ውለታ ውሏል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ወዳጅ አልነበረም። ዝግታው ግን መሰላል እንጂ ሰገነት አልነበረም፤ ከመሰላሉ ላይ ሰፍሮ የቀረ ሰው ዋናው ቤት ሲደርስ ይደነግጣል።

የቄስ ትምህርት ቤቱ በዚህ ረገድ ከዘመናዊው የበለጠ ያውቅ ነበር ብል አላፍርም። ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ንባብን በደረጃ ይማራል። መጀመሪያ ፊደሉን እያንዳንዱን እየጎተተ በግዕዝ ያነባል፤ ቀጥሎ ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል። የቱ ቃል ተነሥቶ፣ የቱ ወድቆ እንደሚነበብ ሳይቀር ይማራል፤ ተሳስቶ ያነሣውን መሪጌታው ያስጥለዋል። ንባብ ከዓይን ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሻገር ጥበብ ነውና፣ ጮክ ብሎ ያልተነበበ አልተነበበም። በእንግሊዝኛ ትምህርታችን ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት እንቆማለን። ፊደል እየጎተትን ዲግሪ እንይዛለን።

ጉዳዩ የማማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። ግን እንጀራም አለበት። አንድ ምሳሌ ይበቃል። “እችላለሁ” ለማለት “አይ ካን” ይባላል፤ “አልችልም” ለማለት “አይ ካንት”። በአሜሪካውያን ንግግር ውስጥ የአዎንታው “ካን” ሟሽሾ “ክን” ይሆናል፤ የአሉታው ግን ሙሉ አናባቢውን ይይዛል፣ የመጨረሻዋ “ት” ደግሞ ብዙ ጊዜ ትዋጣለች። ስለዚህ የአሜሪካዊው ጆሮ አዎንታን ከአሉታ የሚለየው “ት”ን አድምጦ ሳይሆን የአናባቢውን ሙላት አይቶ ነው። አሁን አንድ የእኛ ሰው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ “ቅዳሜም መሥራት እችላለሁ” ለማለት “ካን”ን በሙሉ ድምፅ፣ ረግጦ፣ አጥርቶ ይናገራል። ጠያቂው የሚሰማው “አልችልም” የሚል ሊሆን ይችላል። ሰውየው የበለጠ ለመግባባት በጣረ ቁጥር፣ የበለጠ ባጠራው ቁጥር፣ የበለጠ እምቢ ያለ ይመስላል። በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በኢሚግሬሽን ጠረጴዛ ፊት ይህ ሲሆን ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን የሚኖር ወገን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው “ፈረንጅ መምሰል ነው” የሚለው ነው። ከንፈሩን አጣሞ፣ በአፍንጫው እያንቋረረ ያልሆነውን የሚመስል ሰው እኔንም ያስቀኛል። ማናበብ ግን ቃናን መቅዳት አይደለም። የ“ጥ” እና የ“ቅ” ጥንካሬ ያለበት ኢትዮጵያዊ ቃናው ሳይነካ፣ ቃላቱን አስማምቶ የሚያናብብ ሰው አለ፤ ሲናገር አገሩም ይታወቃል፣ ነገሩም ይሰማል። የበርናርድ ሾው “ፒግማሊየን” የተባለው ተውኔት በ1913 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ የወጣ ሲሆን፣ አበባ ሻጭዋን ልጅ በአነጋገር ብቻ ወይዘሮ ስለ ማድረግ ይተርካል። ከእርሱ በተቀዳው የ1964 እ.ኤ.አ. ፊልም ውስጥ አንድ የቋንቋ ሊቅ ነኝ ባይ ልጅቷን አድምጦ፣ እንግሊዝኛዋ ከልክ በላይ ጥሩ ስለሆነ በእርግጥ የውጭ አገር ሰው ናት ብሎ ይፈርዳል። ቀልዱ ጥልቅ ነው። ከልክ ያለፈ ጥራት ራሱ የእንግድነት ምልክት ነው፤ ባለቤት በቤቱ ውስጥ ጫማውን አውልቆ ይሄዳልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። እንግሊዛዊቷ ምሁር ጄኒፈር ጄንኪንስ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ዛሬ እንግሊዝኛ በአብዛኛው የሚነገረው እንግሊዛዊ ባልሆኑ ሰዎች መካከል እንደሆነ አስታውሳ፣ በእነዚህ ሰዎች መካከል የአገልጋይ ቃላት መሟሸሽና የድምፆች መወራረስ ለመግባባት አስፈላጊ አይደሉም፤ እንዲያውም ሊያውኩ ይችላሉ ብላለች። ኢትዮጵያዊው ከቻይናዊ ጋር ሲነጋገር ቃላቱን ለይቶ ቢናገር ይሻላል ማለት ነው። ይህ አባባል እውነት አለበት። የአዲስ አበባ ነጋዴ ከጓንግዡ አቅራቢው ጋር ዋጋ ሲከራከር የለንደንን ዜማ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ማናበብ ለጆሮ ግዴታ፣ ለአፍ ምርጫ ይሁን። ማንም ሰው “ፒኪታፕ” እንዲል አይገደድ፤ ሲባል ግን እንዲሰማ ይማር። ከአፍም ቢሆን አንዱን፣ ማለትም ተነባቢን ወደ ቀጣዩ አናባቢ ማሻገርን፣ ሁሉም ቢለምደው መልካም ነው፤ ማንንም አያደናግርም፣ ለተናጋሪውም ትንፋሽ ይቆጥባል። የተረፈውን ቋንቋው ራሱ፣ በጊዜው፣ በተናጋሪው አፍ ላይ ያበስለዋል። በመንገድ የሚሰሙ የተቆራረጡ አባባሎችን ቶሎ ለቅሞ ለመናገር መሽቀዳደም ግን አይበጅም፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ቤተኛ ለመሆን እንደ መሞከር ነው።

መንገዱም ውድ አይደለም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ውሰዱ፤ በተናጋሪው ድምፅ ደጋግማችሁ ስሟት። በወረቀት ላይ ስትጽፏት ባዶ ቦታዎቹን አስወግዱና በምት ክፈሏት። ከኋላ ወደ ፊት ገንቧት፤ መጨረሻውን ምት ብቻ፣ ከዚያ መጨረሻዎቹን ሁለቱን፣ እንዲያ እያላችሁ እስከ መጀመሪያው። ከዚያ በተናጋሪው ጥላ ሥር ሆናችሁ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታችሁ አብራችሁት በሉት። የዜማ ተማሪ ከመሪጌታው ኋላ እየተከተለ እንደሚያዜመው ማለት ነው። ዘዴው ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ያሬድን የያዝነው እንዲህ ነው።

ግጥም ለምትወዱ ደግሞ ሌላ ስጦታ አለበት። የእንግሊዝኛ ግጥም የሚቆጠረው በጫና ነው። ቃላቱን ለያይቶ የሚያነብ ሰው አገልጋዮቹን ሁሉ ያስጨንቃልና፣ አምስት ጫና ያለው መስመር አሥር ይሆንበታል። ከዚያ “ፈረንጅ ግጥም አያውቅም፤ ዜማ የለውም” ብሎ መጽሐፉን ይከድናል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን “ሐምሌት”ን፣ “ኦቴሎ”ን፣ “ማክቤዝ”ን ወደ አማርኛ ሲያመጣ፣ ቃላቱን ብቻ አላመጣም፤ የመድረኩን ትንፋሽ በአማርኛ ትንፋሽ ተክቶታል። ትርጉሙ ቆሞ የሚሄደው ለዚህ ነው። እኛም ዋናውን በእንግሊዝኛ ስናነብ ያን ትንፋሽ ካልሰማን፣ ያነበብነው የግጥሙን ዐፅም ነው።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላሉ አባቶቻችን። አንዷ ክር ለብቻዋ ደካማ ናት፤ ቃልም እንዲሁ። አንበሳውን የሚያስረው ከክር ወደ ክር የሚሄደው ነገር ነው። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ተደርድረው የሚገኙት ቃላት ገና ቋንቋ አልሆኑም፤ የሚሸመኑትን የሚጠብቁ ድውሮች ናቸው። ሸማኔው ትንፋሽ ነው። እንግሊዝኛን ለምንማር ሁሉ፣ ለልጆቻችንም ለምናስተምር፣ ከቃላቱ ቁጥር ይልቅ ለሽመናው ትንሽ ጊዜ ብንሰጥ፣ ያን ሁሉ ዓመት በዓይናችን ብቻ የምናውቀው ወዳጅ አንድ ቀን ድምፁን ያሰማን ይሆናል።